አውራ የሌላቸው ንቦች፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የማናያቸው ጎረቤቶች

መሪ አጥቶ የተበታተነ ሕዝብ «አውራ እንደሌለው ንብ ሆነ» ይባላል። አባባሉ ለማር ንብ ይሠራል፤ አውራዋ የሞተችባት መንጋ በጊዜ ሌላ አውራ ካላሳደገች ቀስ በቀስ ማለቋ አይቀርምና። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ስም ወጥቶላቸው ከተመዘገቡት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም አውራ የላቸውም። ቀፎ የላቸውም፣ መንጋ የላቸውም፣ የሚቆረጥ ማርም የላቸውም፤ ስላልተሰበሰቡም የሚበተኑበት ምክንያት የለም። እያንዳንዷ ሴት ንብ ጎጆዋን ብቻዋን ትሠራለች፣ ለልጆቿ ስንቅ ብቻዋን ታከማቻለች፣ ልጆቿ ክንፍ አውጥተው ከመብረራቸው በፊትም አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። «ንብ» ስንል ወደ አእምሯችን የምትመጣው የማር ንብ፣ በንቦች ዓለም ውስጥ ምሳሌ ሳትሆን ለየት ያለች ፍጥረት ናት።

በነገራችን ላይ፣ «አውራ» የሚለው ቃል ራሱ፣ አውራ ዶሮ እንደምንለው ሁሉ፣ ወንድነትን ያዘለ ነው። የቀፎዋን እናት ወንድ ንጉሥ አድርገው ያሰቡት ግን የእኛ አባቶች ብቻ አልነበሩም። በአውሮፓም ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆዷን ከፍቶ የእንቁላል ማኅደሯን በአጉሊ መነጽር እስኪመለከት ድረስ ብዙ ሊቃውንት ንጉሥ ነው ይሉ ነበር።

የዱር ንቦችን ለማየት ከደሴ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር፣ ለመንገዱ ሲባል የተቆረጠውና ረፋድ ላይ ፀሐይ የሚመታው ባዶ የአፈር ግንብ፣ በጭድና በጭቃ የተመረገ የአሮጌ ቤት ግድግዳ፣ የአጥር ደረቅ ቅርንጫፍ፣ የጣሪያ ወራጅ፣ እነዚህ ሁሉ ለዱር ንብ መኖሪያ የሚሆኑ ቦታዎች ናቸው። እርሳስ የሚያስገባ ወይም ከዚያ የጠበበ ክብ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈቀቅ ብሎ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። እግሯ ወይም የሆዷ ሥር በቢጫ የአበባ ብናኝ የተሸፈነ ነፍሳት ወደ ቀዳዳው ከገባች፣ ባለቤቷ ንብ መሆኗ አያጠራጥርም።

ንብን ከዝንብና ከተርብ መለየት ግን ለጀማሪ ቀላል አይደለም፤ ንብ የሚመስሉ ብዙ ዝንቦች አሉና። ዝንብ ሁለት ክንፍ፣ ንብ ደግሞ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንቧ አጭር አንቴናና ፊቷን የሚሸፍኑ ትልልቅ ዓይኖች ሲኖሯት፣ የንቧ አንቴና ረዘም ያለና በመሐል ክርን የሠራ ነው። ከተርብ ጋር ያለው ልዩነት ይበልጥ የጠበቀ ነው፤ ንቦች ከተርቦች ውስጥ የወጡ ናቸውና። ከዛሬ 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አበባ የሚያብቡ ዕፀዋት ምድርን መሙላት በጀመሩበት ዘመን፣ ሌሎች ነፍሳትን እያደነች ለልጆቿ ትመግብ ከነበረች አንዲት የተርብ ወገን የተገኘች ዘር አደኑን ትታ የአበባ ብናኝን ለልጆቿ መቀለብ ጀመረች። ስለዚህ ንብ ማለት ሥጋን እርም ያለች ተርብ ናት። ይህ የምግብ ለውጥ ሰውነቷን ጭምር ለወጠው፤ የንብ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያወጣ ሲሆን ደቃቁን ብናኝ ይዞ የሚያስቀረው ይኸው ቅርንጫፉ ነው።

ስም የማውጣቱ ሥራ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለእንስሳት ሁለት ቃል ያለው መጠሪያ በሰጠበት ጊዜ ነው። የማር ንብን «አፒስ ሜሊፌራ» አላት፤ «ማር ተሸካሚዋ ንብ» ማለት ነው። ንቧ የምትሸከመው ማር ሳይሆን የአበባ ወለላ፣ ማለትም አበባ የሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ እንደሆነ፣ ማር የሚሆነውም ቀፎ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደሆነ ሊኔዎስ ቆይቶ ተገንዝቦ ስሟን «ማር ሠሪ» ወደሚል ሊለውጠው ሞክሯል፤ ነገር ግን በስም አወጣጥ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና የተሳሳተው ስም እስከ ዛሬ አለ። የኢትዮጵያን የማር ንብ ተመራማሪዎች በንዑስ ዝርያ ሲከፋፍሏትና በአከፋፈሉም ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ሆኖም ደጋውም ላይ ቆላውም ላይ ያለችው ያችው አንዲት ዝርያ ናት። የዱር ንብ ብዝኃነት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከእርሷ ውጭ ነው።

ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው አመዳደብ ንቦችን በሰባት ቤተሰቦች ይከፍላል። ቤተሰቦቹን የሚለየው መልክና ቀለም አይደለም፤ ቀለም አታላይ ነው። ተመራማሪዎች የሚያዩት የምላስን ርዝመትና አሠራር፣ የክንፍ ጅማቶችን አዘረጋግ፣ ብናኙ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚጫን፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ የዘረመልን ቅደም ተከተል ነው። አፒዴ የተባለው ትልቁ ቤተሰብ የማር ንብን፣ ጣዝማን፣ እንጨት የሚበሱትን ትልልቅ ጥቋቁር ንቦችና ሆዳቸው በፈካ መቀነት የተሸነሸነውን ፈጣን በራሪዎች ያቅፋል። ሜጋኪሊዴ ብናኝ የሚጭኑት በእግራቸው ሳይሆን በሆዳቸው ሥር ባለ የፀጉር ብሩሽ በመሆኑ በቀላሉ ይታወቃሉ። ሃሊክቲዴ ደቃቅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከሰው ላብ ጨው ሊልሱ ክንድ ላይ ስለሚያርፉ ሰው ዝንብ መስለውት ያባርራቸዋል። ኮሌቲዴ የጎጆአቸውን ውስጥ ከሰውነታቸው በሚያመነጩት ፈሳሽ ለብጠው ላስቲክ የመሰለ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያበጁለታል። ሜሊቲዴ ጥቂት ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ቢሆንም አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይም በደቡቡ ጫፍ፣ ደህና ብዝኃነት አለው፤ እዚያ ያሉ አንዳንዶቹ ከአበባ ዘይት ለመቅዳት የፊት እግራቸው ከመላ ሰውነታቸው በላይ ረዝሟል። አንድሬኒዴ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በርካታ ሆነው ከሰሐራ በታች ጥቂት ናቸው። ሰባተኛው ስቴኖትሪቲዴ ከአውስትራሊያ ውጭ ስለሌለ እዚህ አያሳስበንም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ በስሟ የሚያውቃት ጣዝማ ናት። ጣዝማ በየመንደሩ ውድ መድኃኒት ተብሎ የሚፈለገው ማር ባለቤት ስትሆን፣ መናደፊያዋ ከጥቅም ውጭ እስኪሆን የደከመ፣ ትንንሽ፣ በመንጋ የምትኖር ንብ ናት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የምትገኘው ዝርያ በሳይንሱ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች፤ ጎጆዋንም ከመሬት በታች ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ትሠራለች። ማሯን የምታስቀምጠው ማር ንብ እንደምትሠራው ባለ ስድስት ማዕዘን እንጀራ ውስጥ ሳይሆን፣ ሰፈፍን ከዛፍ ሙጫ ጋር አዋህዳ በምታበጃቸው ትንንሽ እንስራዎች ውስጥ ነው። ማሩ ቀጠን ያለና ጎምዘዝ የሚል፣ መጠኑም ከማር ንብ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ነው። ዋጋው የሚንረውም በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው፤ ጎጆዋን ፈልጎ ያገኘ ሰው የሚያወጣው ቆፍሮ ነው፣ ተቆፍሮ የተበረበረ የጣዝማ ጎጆም ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይቆምም። ጣዝማን በሣጥን አድርጎ ማርባት በሌሎች የዓለም ክፍሎች ለሚገኙ የቅርብ ዘመዶቿ የተለመደ ሲሆን፣ መሬት ውስጥ ለምትኖረው ለእኛዋ ግን ከዚያ የከበደ ሥራ ይጠይቃል።

ጣዝማም ብትሆን መንጋ ናት። የብዙኃኑን የብቸኛ ንቦች ኑሮ ለመረዳት ወደ አፈሩ መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዱር ንቦች የሚበዙት መሬት ቆፍረው የሚኖሩ ናቸውና። ሴቷ ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ፀሐይ የሚያገኝና ሣር ያልወረሰው ቦታ መርጣ ዋሻ ትቆፍራለች፤ ከዋናው ዋሻ ወደ ጎን እየወጡ የሚያልቁ ትንንሽ ክፍሎች ትሠራለች። የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ እርጥበትና ሻጋታ እንዳይገባ ከሰውነቷ በምታመነጨው ሰም መሰል ቅባት ትለስነዋለች። ከዚያ አበባ ለአበባ ተመላልሳ ብናኝና ወለላ ታመጣለች፣ ለውሳ እንደ ትንሽ ድቡልቡል ታደርገዋለች፣ በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ በሩን ትደፍናለች። ልጇ ከእንቁላል እስክትወጣና ክንፍ እስክታወጣ የሚያስፈልጋት ቀለብ በሙሉ ያ ድቡልቡል ነው፤ ተጨማሪ የሚያመጣላት የለም። ስለዚህ አንዲት እናት ንብ አንዲት ልጅ ለማሳደግ የምትመላለሰው በረራ ብዙ ነው፣ በዕድሜዋ የምትወልዳቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም። የማር ንብ አውራ ግን አበባ በተትረፈረፈበት ወቅት በአንድ ቀን ብቻ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አንድ የመድኃኒት ርጭት ሁለቱንም እኩል ቢገድል፣ ማን ቶሎ እንደሚያገግም ከዚህ ሒሳብ ይታያል።

በንቦች ዘንድ የልጁን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ መሆኗም ሊነገር ይገባል። ከወንዱ ያገኘችውን ዘር በሆዷ አስቀምጣ ስለምትቆይ፣ እንቁላሉን ዘር ካስነካችው ሴት ትሆናለች፣ ካላስነካችው ወንድ ይሆናል። በሸንበቆ ወይም በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ክፍሎችን በሰልፍ የሚሠሩት ንቦች ሴት እንቁላሎችን ከወደ ውስጥ፣ ወንዶቹን ከወደ በሩ ያደርጋሉ። ወንዶቹ ቀድመው ወጥተው ሴቶቹን ይጠብቃሉ። ወንድ ንብ ጎጆ አይሠራም፣ አይናደፍም፣ ብዙዎቹም ማደሪያ ስለሌላቸው ሌሊቱን የሣር ወይም የቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ በመንጋጋቸው ነክሰው ተንጠልጥለው ያድራሉ። ከጎሕ በፊት በጓሮ የተነሣ ሰው እንዲህ ተደርድረው የተኙ ወንዶችን ቢያገኝ ሊያስገርመው አይገባም።

እንጨት የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ በድምፅዋ የተነሣ የምትፈራ ናት። የጣሪያ ወራጅ ወይም የደረቀ ግንድ በመንጋጋዋ ቦርቡራ ክብ በር ታወጣለች፤ እንጨቱን ግን አትበላውም፣ ፍርፋሪውን ከፊሉን ትጥለዋለች፣ ከፊሉን የክፍሎቹን መለያ ግድግዳ ትሠራበታለች። በአንዳንድ የአፍሪካ ዝርያዎች ሴቷ ጥቁር ሆና ነጣ ወይም ቢጫ ያለ መቀነት ሲኖራት ወንዱ መላ ሰውነቱ ቢጫ ነው፤ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ሁለት ዝርያ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፣ ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ስሕተት በተደጋጋሚ ሠርተውታል። ቅጠል ቆራጮቹ ደግሞ የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዝ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ንጹሕ ግማሽ ክብ ትተው ይሄዳሉ። ቁራጩን ጠቅልለው የልጃቸውን ክፍል ይለብጡበታል። አትክልተኛው በሽታ መስሎት መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ቁራጩ ክብ መሆን አለመሆኑን ቢያይ ደግ ነው፤ ቁራጩ ለተክሉ የሚያመጣው ጉዳት የለም ማለት ይቻላል።

ጎጆ ባለበት ቀላዋጭ አይጠፋም። ከንብ ዝርያዎች ከአሥሩ ከአንድ የሚበልጡት ጎጆም አይሠሩም ብናኝም አያመጡም፤ የሌላ ንብ ጎጆ ባለቤት አበባ ፍለጋ ስትወጣ ጠብቀው ይገባሉ፣ በተዘጋጀው ስንቅ ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይወጣሉ። ከውስጥ የምትፈለፈለው የቀላዋጯ እጭ የባለቤቷን እንቁላል ወይም እጭ ገድላ ስንቁን ትበላለች። ብናኝ መሸከሚያ ስለማያስፈልጋቸው ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ሲታዩ ተርብ ይመስላሉ። ታይሬዎስ የሚባሉት ጥቁር መደብ ላይ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ውብ ቀላዋጮች በአፍሪካ በሰፊው ይገኛሉ። በአንድ አካባቢ ቀላዋጭ ንብ መታየቷ መልካም ምልክት ነው፤ ባለ ጎጆዎቹ በርካታ ካልሆኑ ቀላዋጭ መኖር አትችልምና።

የዱር ንብ ጥቅም ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ማር የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ አጭር ይመስላል፤ ሆኖም መልሱ በአበቦቹ ቅርጽ ውስጥ ነው። በየመንገዱ ዳር በሚበቅለው እምቧይ እንጀምር። ሐምራዊ አበባው መሐል ላይ የቆሙት ቢጫ የብናኝ ከረጢቶች እንደሌሎቹ አበቦች አይሰነጠቁም፤ ጫፋቸው ላይ ብቻ እንደ ጨው መነስነሻ ያለ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ብናኙ እንዲወጣ ንቧ አበባውን አቅፋ ክንፏን ሳትዘረጋ የበረራ ጡንቻዎቿን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ማርገብገብ አለባት፤ ያን ጊዜ ብናኙ ሆዷ ላይ ይረጫል። የማር ንብ ይህን ማድረግ አትችልም። እንጨት በሺዋና ሌሎች በርካታ የዱር ንቦች ግን ያደርጉታል፤ እምቧይ ላይ ያረፈች ንብ ድምፅዋ በድንገት ሲቀጥን የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ቲማቲምና ደበርጃን የእምቧይ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፣ አበባቸውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ቲማቲም ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል ንፋስም ያራግፈዋል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ባለች ንብ የተራገፈ አበባ ብዙ ዘር የያዘና ተለቅ ያለ ፍሬ የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ሰብል ሁሉ ንብ ይሻል ማለት አይደለም፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ራሳቸውን ያዳቅላሉ፣ በቆሎም ንፋስ ይበቃዋል። ኑግ ግን ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ካላገኘ በአግባቡ አያፈራም፤ ይህን የሚያደርሱለት ነፍሳት፣ ከሁሉም በላይ ንቦች ናቸው። በባቄላ ማሳ ላይ ነገሩ ውስብስብ ነው። ምላሰ ረጃጅሞቹ በአበባው በር ገብተው ርክበ ብናኙን፣ ማለትም ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ማድረሱን ይፈጽማሉ፤ ምላሷ የማይደርስላት ወይም ድካም የጠላች ንብ ደግሞ የአበባውን ሥር ከውጭ ነድላ ወለላውን ሰርቃ ትሄዳለች። ለመኖ የሚዘራው አልፋልፋ አበባው ሲነካ እንደ ወጥመድ ተፈናጥሮ የንቧን ፊት ይመታል፤ የማር ንብ ይህን ስለማትወድ ከጎን መቅዳትን ትለምዳለች፣ ቅጠል ቆራጯ ግን ምቱን ሳትፈራ ትሠራለች። በሌሎች አገሮች የአልፋልፋ ዘር አምራቾች ቅጠል ቆራጭ ንቦችን በየማሳው የሚያሰማሩት ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀፎ ቁጥር መጨመሩን ብቻ አይቶ የአካባቢው ርክበ ብናኝ ተሻሽሏል ብሎ መደምደም ልክ አይደለም።

ብዙ ሰው የዱር ንብ ዝርያ እንደ ሌላው ሕይወት ሁሉ እርጥበት ባለው የሐሩር ደን ውስጥ ይበዛል ብሎ ይገምታል። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ዝርያው እጅግ የሚበዛው ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ ደረቅና ከፊል ደረቅ አገሮች ነው፤ አፈር ውስጥ የተቀመጠን ስንቅ እርጥበት ያሻግተዋልና። በእኛም አካባቢ ልዩነቱን ትንሽ ጉዞ ያሳያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ በሁለቱ መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ይጠበቃል። ንብ ለመብረር ደረቷ መሞቅ አለበት። ትልልቆቹና ፀጉራሞቹ ጡንቻቸውን አንቀጥቅጠው ራሳቸውን ስለሚያሞቁ በደሴው የጦሳ ተራራ ቀዝቃዛ ማለዳ ቀድመው ይወጣሉ፣ ደቃቆቹ ግን ፀሐይ አፈሩን እስክታሞቀው ይጠብቃሉ። ወደ ላይ በተወጣ መጠን የንቦች ድርሻ እየቀነሰ የዝንቦች ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። የበረራ ርቀታቸውም በሰውነታቸው ልክ ነው፤ ለደቃቅ ንብ ከጎጆዋ ጥቂት መቶ ሜትር የራቀ አበባ እንደሌለ ይቆጠራል።

የሚጎዷቸው ነገሮችም ከዚሁ ይነሣሉ። ጎጆና አበባ በእግር ጉዞ ርቀት ውስጥ ጎን ለጎን ካልተገኙ ደቃቅ ንብ አትኖርም። ባሕር ዛፍ ሲያብብ ለማር ንብ ብዙ ወለላ ይሰጣል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ አበባ የሌለበት ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ልዩ ልዩ አበባ ለሚሹት ብዙ አይፈይድም። ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ሆነው የተከለሉት ተራሮች በአንጻሩ በአበባ ዓይነት እየበለጸጉ ይሄዳሉ፤ እዚያው ላይ ብዙ ዘመናዊ ቀፎ በአንዴ ቢሰፍር ግን አበባ በሚያጥርበት በጋ ሽሚያ ይፈጠራል። አበባ ላይ ያለን ሰብል በቀትር መርጨት ከማምሸት ይልቅ ብዙ ንብ ይፈጃል። የጓሮ ጥግ ሳይቆፈርና ሳይነጠፍ ቢቀር፣ ደረቅ የእንጆሪ ወይም የሸንበቆ አገዳ ወዲያው ባይቃጠል፣ ወጪ የማይጠይቅ መጠለያ ይሆናል።

ዝርያውን በእርግጠኝነት ማወቅ ግን በዓይንም በስልክ ፎቶም የሚያልቅ አይደለም። ብዙ ደቃቅ ንቦች የሚለዩት በአጉሊ መነጽር በሚታይ የቆዳ ንድፍ ወይም በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የተስፋፋው አጭር የዘረመል ቁራጭን አንብቦ የማነጻጸር ዘዴም የሚረዳው ቀድሞ በትክክል የተሰየመ ናሙና ሲኖር ነው። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ይህን ጥናት ሊጀምር የሚፈልግ ተማሪ ከመረቡና ከመርፌው እኩል የሚያስፈልገው ጣት የማታህል ወረቀት ናት። በመርፌው ሥር ትሰካለች፣ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለምም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስም፣ ንቧ የተያዘችበትም አበባ ይጻፍባታል፤ «ሐረጎ፣ ከመንገዱ በላይ፣ እምቧይ ላይ፣ ረፋድ 4 ሰዓት»።